በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥ ይሠራል ወይ?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ወንድምሽ ለእናትሽ የስኳር ሕመም ከአሜሪካ የላከውን ኢንሱሊን እሳቸው «በደንብ ይቀዝቅዝ» ብለው ከፍሪጁ ላይኛው ክፍል፣ ሥጋ የሚቀመጥበት ጋ አስገቡት። ጠዋት ሲያዩት በረዶ ሆኗል። አሁን ቀልጧል፤ መልኩም ደህና ይመስላል። ዋጋው ቀላል ስላልሆነ መጣሉ አሳዝኖሻል። «ፕሮቲን ስለሆነ ይበላሻል ይባላል፤ ግን እንዴት ነው የሚበላሸው?» ብለሻል።

አጭሩ መልስ ጣሉት ነው። አንድ ጊዜ እንኳ እንዳይወጉት። ረጅሙንም ልንገርሽ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ በሰው ላይ ተሳስቼ ነው የተማርኩት።

ፋርማሲስት ነኝ። እንደተመረቅኩ የተመደብኩት አፋር ነበር። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጭንቀታችን ሁሉ ሙቀት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር በረዶ ፍለጋ እንሯሯጣለን። መድኃኒት በብርድ ይበላሻል ብሎ የሚጨነቅ ግን አልነበረም። አንድ ጊዜ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ፣ ከመካከላችን አንዱ የፍሪጁን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው አዞረው። ማካካሱ ነው። ከኋለኛው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ የነበረው የኢንሱሊን ካርቶን በረዶ ሆኖ አደረ። ጠዋት አወጣነው፣ ቀለጠ፣ ምንም አይልም ተባባልንና አደልነው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሽማግሌ መጡ። ስኳራቸው ከ300 በላይ ነው። «አባባ፣ ምን በልተው ነው?» አልኳቸው። ምንም እንዳልበሉ ማሉ። አላመንኳቸውም። ሻይ ላይ ስኳር መጨመር እንዲያቆሙ እየመከርኳቸው ሳለ በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለሉትን ብልቃጥ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ኤንፒኤች የሚባለው፣ ለረጅም ሰዓት የሚሠራው ነጭ ኢንሱሊን ነበር። አንስቼ ወደ ብርሃን አዞርኩት። ከብልቃጡ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ነጭ ነገር ተለጥፏል፤ ልክ ደጋ ውስጥ በጥቅምት ጠዋት ሣር ላይ እንደሚያርፍ ውርጭ። ከታችም ትናንሽ ጓሎች ተቀምጠዋል። ሰውዬው መድኃኒቱን ከእኛ በተሻለ ይዘውት ኖሯል። ያበላሸነው እኛ ነን።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ኢንሱሊን ትንሽ ፕሮቲን ነው። በሁለት ክር የተደረደሩ 51 አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚሠራባቸው ቁራጮች) አሉት፤ አንዱ ክር 21፣ ሌላው 30። እንግሊዛዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ሳንገር ይህን ቅደም ተከተል በማወቁ በ1958 ኖቤል ተሸልሟል። ግን ቅደም ተከተሉ ብቻውን አይሠራም። ክሮቹ ተጣጥፈው አንድ የተወሰነ ቅርጽ መያዝ አለባቸው። ሰውነታችን ኢንሱሊንን የሚያውቀው በቅርጹ ነው። ያንን ቅርጽ ሌላዋ እንግሊዛዊት ኬሚስት ዶሮቲ ሆጅኪን እስክታሳየን ድረስ ደግሞ 1969 ደረሰ።

ቅርጹን የያዘው ምንድን ነው? ሦስት ጠንካራ የሰልፈር ድልድዮች አሉ። የቀረው ሥራ የደካማ ትስስሮች ነው። እንደ ዘይት ውሃ የሚሸሹት ክፍሎች ወደ ውስጥ ይደበቃሉ፣ ውሃ የሚወዱት ወደ ውጭ ይወጣሉ። ሙቀት ሲበዛ፣ አሲዱ ሲለወጥ ወይም ብልቃጡ ሲናጥ የተደበቁት ክፍሎች ይጋለጣሉ። ከዚያ እርስ በርስ ይጣበቃሉ።

ይህንን ቤትሽ ታውቂዋለሽ። ወተት ሲረጋ አሲዱ ይጨምራል። ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድ መለኪያው (ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው)፣ ወደ 4.6 ሲጠጋ ኬዚን የሚባለው የወተት ፕሮቲን እርስ በርስ የሚገፋፋበትን ኃይል ያጣል። ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራውን ለስ ባለ እሳት ስታሞቂው አይቡ ይጓጉላል፣ አጓቱ ለብቻው ይቀራል። እንግዲህ ያንን አይብ መልሰሽ ብታቀዘቅዢው ወተት አይሆንልሽም። ኢንሱሊንም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ፣ አይብ ሲጓጉል ታይዋለሽ፤ ኢንሱሊን ግን ጥንካሬውን ካጣ በኋላም ጥርት ያለ ውሃ መስሎ ሊቀመጥ ይችላል። «መልኩ ደህና ነው» የሚለው ማጽናኛ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ብርዱ ምን ያደርጋል? ብልቃጡ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ በረዶ የሚሆነው ውሃው ነው። ኢንሱሊኑ፣ ጨዉና ማቆያ ኬሚካሉ በቀረችው ጠባብ ቦታ ይጨናነቃሉ። በዚያ መጨናነቅ ፕሮቲኑ ቅርጹን ያጣል፣ ይጣበቃል። ነጩ ኤንፒኤች ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣም በጣም ደቃቅ ክሪስታል ሆኖ ውሃው ውስጥ የተበተነ ነው። በረዶ ሲመታው ክሪስታሎቹ ተያይዘው ጓል ይሆናሉ፣ ሲቀልጥም አይበተኑም። ስለዚህ ዛሬ በመርፌ የሳብሽው ከሞላ ጎደል ውሃ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ነገ ደግሞ ጓሉ ይገባል። አንድ ቀን ስኳር ይወጣል፣ ሌላ ቀን ድንገት ይወርዳል። የመውረዱ ነገር ለብቻቸው ለሚኖሩ እናት የበለጠ ያስፈራኛል።

የመናጡ ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። ብልቃጥ ውስጥ የኢንሱሊን ሞለኪውሎች ስድስት ስድስት ሆነው በዚንክ ተያይዘው ይቀመጣሉ። እንዲህ ሲሆኑ ይበረታሉ። ሥራ የሚሠሩት ግን ሰውነት ውስጥ ገብተው አንድ አንድ ሲሆኑ ነው። ስትነቀንቂው አረፋ ይፈጠራል፤ አየርና ውሃ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ደግሞ ፕሮቲን ቶሎ ይፈታል። ነጩን በሁለት መዳፍ መካከል አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብላችሁ አንከባሉት እንጂ እንደ ሽሮፕ አትነቅንቁት።

አንድ ነገር ላስገባ፤ ምክንያቱም ከአሜሪካ የሚላኩት ብዙ ጊዜ አዳዲሶቹ ናቸው። ሊስፕሮ የሚባለው ላይ የተለወጠው ሁለት አሚኖ አሲዶች ቦታ መቀያየራቸው ብቻ ነው። በዚህች ለውጥ ስድስቱ ቶሎ ይበታተናሉ፣ መድኃኒቱም ቶሎ ይሠራል። ግላርጂን ደግሞ ብልቃጡ ውስጥ ፒኤቹ 4 ስለሆነ ጥርት ብሎ ይሟሟል። ቆዳ ሥር ሲገባ ፒኤቹ ወደ 7.4 ስለሚወጣ ይረጋና ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ይለቃል። ስለዚህ ከሌላ ኢንሱሊን ጋር በአንድ መርፌ አይቀላቀልም። «ለረጅም ሰዓት የሚሠራው ነጭ ነው፣ ለአጭር የሚሠራው ጥርት ያለ ነው» የሚለው የድሮ ምልክትም ለእሱ አይሠራም። ጥርት ያለ ሆኖ ለረጅም ሰዓት ይሠራልና።

ሙቀትን በተመለከተ ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ይደነግጣል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ይቀመጥ። የተከፈተው፣ አብዛኛው ዓይነት፣ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ለ28 ቀን ያህል ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል፤ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ አለ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በ2021 ያሳተሙት ጥናትም አለ። በኬንያ ዳጋሃሌይ የስደተኞች ካምፕ እንዳለው ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለ4 ሳምንት የተቀመጠ ኢንሱሊን ጥንካሬውን ጠብቆ ተገኝቷል። እነዚያ ሽማግሌ በኋላ እንዳጫወቱኝ ቤታቸው የሚያስቀምጡት እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ገንቦ ነበር። የአሸዋው ውሃ ሲተን ገንቦውን ያቀዘቅዛል። ፍሪጅ ለሌለው ሰው ጥሩ ዘዴ ነው፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ለተረሳ ብልቃጥ ግን ማንም ዋስ አይሆንም።

ለወንድምሽም ይህን ንገሪው፦ ከታች የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አያስገባው፣ እዚያ በረዶ ሊሆን ይችላል። በእጅ ቦርሳ ይላከው። አይስ ካደረገበትም ብልቃጡን በጨርቅ ይጠቅልለው፣ በረዶው በቀጥታ አይንካው።

እናትሽ አዲሱን ከፍሪጁ መካከለኛ መደርደሪያ ወይም ከበሩ ላይ ያስቀምጡት፣ የኋላውን ግድግዳ ሳይነካ። የከፈቱበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፈሽ ለጥፊበት። ከቀለጠው ወግተው ከሆነ መጠኑን በራሳችሁ ከፍ ዝቅ እንዳታደርጉ። ለጥቂት ቀናት ስኳራቸውን ደጋግማችሁ ለኩና ቁጥሮቹን ይዛችሁ ወደሚከታተሏቸው ሐኪም ሂዱ። እስከዚያ ግን የብልቃጡን ስም እዚሁ ጻፊልኝ። ግላርጂን ከሆነ እናትሽ ይወስዱት ከነበረው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፣ ሐኪሙ ሳያይ መተካት የለበትም።