ግፊቱ ገጠመ፣ ክሎሪኑ የት ሄደ?

ጥያቄ፦ የከተማችንን የውሃ መስመር ሞዴል በኢፓኔት፣ የውሃ ፍሰትና ጥራት በሚያሰላው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ሠርተን ግፊቱን በማኖሜትር (በግፊት መለኪያ) ስናመሳክር ገጠመልን። ክሎሪኑ ግን አልገጠመም። መስመሩ ጫፍ ላይ ባለ ሰፈር ሞዴሉ በሊትር 0.4 ሚሊ ግራም ሲል እኛ በዲፒዲ፣ ክሎሪንን በቀለም በሚለካው መመርመሪያ፣ የምናገኘው 0.05 ነው። የቱ ጋ ተሳሳትን?

መልስ፦ ግፊቱ መግጠሙ ፍሰቱ ልክ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የውስጥ ዲያሜትሩ 150 ሚሊ ሜትር የሆነ የ600 ሜትር ቧንቧ ውሰዱ። የሚይዘው ውሃ 10.6 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ሞዴላችሁ በሰከንድ 2 ሊትር ካሳለፈበት ውሃው በአንድ ሰዓት ተኩል ያልፋል። በእውኑ የሚሄደው ሩብ ሊትር ከሆነ ግን ወደ 12 ሰዓት ይቆያል። በሁለቱ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት በውሃ ከፍታ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ማኖሜትራችሁ ይህን አያይም፤ ክሎሪኑ ግን በየሰዓቱ እየቀነሰ ነው።

ስለዚህ ከክሎሪኑ በፊት የውሃውን ዕድሜ፣ ማለትም በመስመሩ ውስጥ የቆየበትን ጊዜ፣ አስሉ። የጫፍ ሰፈሩ ውሃ ዕድሜ ጥቂት ሰዓት ብቻ ሆኖ ከወጣ ፍጆታውን ጠርጥሩ። የከተማውን ጠቅላላ ምርት ለመጋጠሚያዎቹ እኩል ማካፈል ዳር ያለውን ሰፈር ከሚጠቀመው በላይ ያጠጣዋል። ከደንበኞች ቆጣሪ ንባብ ተነስታችሁ አከፋፍሉ። ተዘግቶ የተረሳ ጌት ቫልቭ ካለም ውሃው ሞዴሉ በማያውቀው መንገድ ዞሮ ነው የሚደርሰው፤ ቫልቮቹን አንድ በአንድ በእጅ ፈትሹ።

ከዚያ የጠርሙስ ሙከራ ይከተላል። ስምንት ያህል ቡናማ የመስታወት ጠርሙሶችን በጠንካራ ክሎሪን አንድ ቀን ዘፍዝፉና በደንብ አለቅልቁ፤ ካልተዘፈዘፉ ጠርሙሱ ራሱ ክሎሪኑን ይበላዋል። ከማጠራቀሚያው መውጫ ውሃ ቀድታችሁ አየር ሳታስቀሩ ሙሉ፣ ክደኑ፣ በመስመሩ ውሃ ሙቀት ጨለማ ውስጥ አስቀምጡ። መጀመሪያ ላይ፣ ከዚያም በ2፣ በ4፣ በ8፣ በ24 እና በ48 ሰዓት አንዳንድ ጠርሙስ እየከፈታችሁ ለኩ። የተከፈተው መልሶ አይከደንም። ቀሪው ክሎሪን ከመነሻው ጋር ያለውን ጥምርታ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም (ln) በሰዓት ላይ ስትስሉ የግራፉ መስመር ተዳፋት የመበስበሻ መጠኑን፣ ማለትም ክሎሪኑ የሚቀንስበትን ፍጥነት፣ ይሰጣል። ኢፓኔት የሚፈልገው በቀን ስለሆነ በ24 አባዙት፤ የመቀነስ ምልክቱንም አትርሱ። ምልክቱ ከተረሳ ክሎሪኑ በመንገድ ላይ እያደገ ይሄዳል።

አሮጌ የብረት ቧንቧ ካላችሁ ግድግዳውም ክሎሪን ይበላል፤ ጠርሙሱ ይህን አያሳይም። ቅርንጫፍ የሌለው ረጅም መስመር መርጣችሁ በሁለቱ ጫፍ ለኩ፤ ከጠርሙሱ ውጤት በላይ የጠፋው የግድግዳው ድርሻ ነው። ፍሰቱን ሳታስተካክሉ የግድግዳውን ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ልኬቱን ለማስገጠም ግን አትሞክሩ። ለዚያ ቀን ይገጥማል፤ ፓምፑ የሚሠራበት ሰዓት በተቀየረ ማግስት ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ ውሃ የምናድለው በፈረቃ ነው። ፍሳሽ የሚገባበትን ቦታ ሞዴሉ ያሳየናል?

መልስ፦ አያሳይም፤ ይህ በግልጽ መታወቅ አለበት። ኢፓኔት ቧንቧውን ሁሌም ሙሉ አድርጎ ነው የሚያሰላው። በፈረቃ ግን መስመሩ ይጎድላል፣ ግፊቱ ከውጭው በታች ይወርዳል፣ ያን ጊዜ የተሰነጠቀ መጋጠሚያና ውሃ በሞላበት ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ የአየር ቫልቭ በዙሪያቸው ያለውን ሁሉ ይስባሉ።

ሞዴሉ የሚጠቅማችሁ ቆሻሻው ከገባ በኋላ የት የት ይደርሳል ለሚለው ነው። የጠረጠራችሁትን መጋጠሚያ ከፍታችሁ በሶርስ ኳሊቲ ሥር ማስ ቡስተርን ምረጡና በደቂቃ የሚገባውን ሚሊ ግራም ስጡት። ኮንሰንትሬሽን የሚለውን ከመረጣችሁ ውሃ ከውጭ በማይገባበት ተራ መጋጠሚያ ላይ ምንም ውጤት አይሰጥም፤ ሁሉም ዜሮ ሲወጣ ከተማው ንጹሕ መስሎ ይታያል። አጫጭር ቧንቧዎች ካሉባችሁ የጥራት ስሌቱን የጊዜ እርምጃ ከ5 ደቂቃ ወደ 1 አውርዱ። ስሌቱንም የየቀኑ ውጤት እስኪደጋገም ድረስ አስኪዱ፤ ውሃው ቀስ ብሎ በሚቀየርበት ማጠራቀሚያ ይህ ከሳምንት በላይ ሊሆን ይችላል።

ናሙናውን ፈረቃው እንደተከፈተ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጀምራችሁ ቅዱ። ከሁለት ሰዓት በኋላ የተቀዳ ናሙና ቆሻሻው ተጠራርጎ ካለፈ በኋላ የተወሰደ ነው። የመጀመሪያውን ውሃ ደግሞ እናቶች በጄሪካን ቀድተውታል።

ጥያቄ፦ ማጠራቀሚያውን ውሃው ሙሉ በሙሉ የሚቀላቀልበት አድርገን ሞዴሉ ውስጥ አስገባነው። ልክ ነን?

መልስ፦ ኢፓኔት ሌላ ካልተነገረው የሚይዘው እሱን ነው፤ ልክነቱን ግን መለካት አለባችሁ። ውሃ በታች ገብቶ በዚያው በታች በሚወጣበት ረጅም ጋን ላይኛው ውሃ ለቀናት ሳይነካ ሊቀር ይችላል። በ1993 በአሜሪካ ሚዙሪ፣ ጊድየን በምትባል ትንሽ ከተማ ወፎች ማጠራቀሚያ ጋኑን በክለው ሳልሞኔላ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ወደ ሕዝቡ ደርሷል፤ መስመሩን ለማጠብ ሃይድራንቶቹ (የእሳት ማጥፊያ የውሃ መውጫዎቹ) ሲከፈቱ የተኛው ውሃ ተስቦ ወጣ። የውሃው ጉዞ በኋላ የተጠናው በዚሁ በኢፓኔት ነበር። ከጋኑ ላይና ታች ክሎሪን ለኩ። ሰፊ ልዩነት ካለ በሞዴሉ ሁለት ክፍል ያለውን ወይም በኋላ የገባው ውሃ ቀድሞ የሚወጣበትን ዓይነት ምረጡ፤ የጋኑ ክዳንና የአየር መውጫው ወንፊት መኖሩንም በዚያው ስትወጡ እዩ።