የቤታችሁ ስልክ በማን ቋንቋ ነው የሚመልሰው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ቤት ደወልኩ። አራቴ ጠራና መልእክት የሚቀበለው ማሽን አነሳው። የልጁ ድምፅ ነው፤ በፈጣን እንግሊዝኛ የሆነ ነገር ለቀቀውና ቢፕ አለ። አንድ «ጤና ይስጥልኝ» እንኳ የለም። እኔ ሃያ ምናምን ዓመት አሜሪካ ኖሬ ግማሹን ነው የሰማሁት። ደብረ ብርሃን ያሉት የልጁ አያትስ? ተናድጄ ዘጋሁት። ይኸው ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው።

«በዚህ ዘመን የቤት ስልክ ማን አለው?» የምትሉ አትጠፉም። እናት አባታቸውን ያስመጡ ሰዎች አላቸው። ለትንሽ ልጅ ሞባይል መግዛት የማይፈልጉም አላቸው። ደግሞ የምላችሁ ነገር አብዛኛው ለሞባይል ቮይስሜይልም፣ ማለትም ስልኩ ካልተነሳ መልእክት ለሚቀበለው፣ ይሠራል። ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ስንቱ አዲስ መጪ ነው ማመልከቻ በትኖ «ማንም አልደወለልኝም» እያለ የሚያማርረው! ተደውሎለታል እኮ። የማያውቀውን ቁጥር አያነሳም፤ ቮይስሜይሉን ወይ አልከፈተውም ወይ ሞልቶበታል። ቀጣሪ ደግሞ ደጅ አይጠናም፤ ከሥር ያለውን ስም ይጠራል።

1. ማሽኑን ስትገጥሙ

ገመዱ ቀላል ነው። ከግድግዳው የመጣው «ላይን» የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ስልኩ «ፎን» የሚለው ውስጥ። ሰው የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ የስልክ ኩባንያው ራሱ ከመስመሩ ጋር ቮይስሜይል ይሰጣል። እሱ በሦስት ጥሪ የሚያነሳ ከሆነና እናንተ ማሽኑን አራት ላይ ካደረጋችሁት፣ ማሽኑ ዕድሜ ልኩን አያነሳም። መልእክቱ ሁሉ ኩባንያው ዘንድ ይከማቻል፤ እናንተ ማሽኑ ላይ ዜሮ እያያችሁ «የሚያስታውሰን ጠፋ» ትላላችሁ። አንዱን አስዘጉ።

አሜሪካ ውስጥ ከአንዱ ጥሪ እስከ ቀጣዩ ስድስት ሰከንድ ነው። አራት ጥሪ ማለት ሃያ ምናምን ሰከንድ ማለት ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ከሶፋው ተነስተው ስልኩ ጋ እስኪደርሱ አይበቃም። ማሽኑ ከፈቀደ ስድስት አድርጉት። ከአገር ቤት ለሚደውለውም ሰው ሒሳቡ መቁጠር የሚጀምረው ማሽኑ ካነሳ በኋላ ነው። ቶሎ የሚያነሳ ማሽን የሰው ካርድ ይበላል።

ቀንና ሰዓቱን ሙሉ። ቀን ባልተሞላ ማሽን ላይ ክሊኒኩ «ቀጠሮዎ ነገ ነው» ቢል የትኛው ነገ? የባትሪ ቦታ ካለው ባትሪ ክተቱ። ከውጭ ተደውሎ መልእክት የሚሰማበት የሚስጥር ቁጥርም አለው፤ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ቀይሩት።

2. ወረቀት

ዜግነት ያላገኛችሁ ቤት ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለኢሚግሬሽን አስታውቁ። ማሽኑ ላይ «ግብር አልከፈልክም፣ ዛሬውኑ ካልከፈልክ ትታሰራለህ» የሚል ድምፅ ብታገኙ ሌባ ነው፤ አጥፉት። በስጦታ ካርድ ክፈሉ የሚል መንግሥት የለም። ጨረስኩ።

3. የኛ ሰላምታና የማሽኑ ችኮላ

ብዙ ማሽኖች አንድ መልእክት ስንት ደቂቃ ይፈቀድለት ብለው ያስመርጣሉ። ረጅሙን ምረጡ። የኛ ማሽን በአንድ ደቂቃ ነበር የሚቆርጠው። አክስቴ «ሃሎ… ሃሎ… እንዴት ናችሁ? ልጆቹስ? ብርዱስ እንዴት አደረጋችሁ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን…» ብላ ብላ «የደወልኩት እንኳ…» ስትል ቢፕ! ምን ልትል እንደነበር ለማወቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በሦስት ቀን ውስጥ በልቤ ያልቀበርኩት ዘመድ የለም። የሠርግ ጥሪ ሆኖ ተገኘ።

ለዘመዶቻችሁም ንገሯቸው፤ መጀመሪያ ጉዳዩን፣ ቀጥሎ ሰላምታውን። ዝም ብለው መልስ እንዳይጠብቁም ንገሯቸው፤ አንዳንዱ ማሽን ዝምታ ሲሰማ ያለቀ መስሎት ይዘጋል። «ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ» ሲሉ ደግሞ የማን ሦስት እንደሆነ ይታወቅ። የአዲስ አበባ ማታ ሦስት ሰዓት ዋሽንግተን ላይ በክረምቱ ብርድ ጊዜ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፣ በበጋቸው 8። በነሱ አቆጣጠር 1 እና 2 መሆኑ ነው። ስንቱ በዚህ ተኳርፏል።

4. ማሽኑ ላይ የሚቀረፀው ድምፅ

የመጣሁበት ጉዳይ ይሄ ነው።

አሜሪካ የገባሁት በ1989 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ማሽናችን ሁለት ትንንሽ ካሴት ነበሩት፤ በአንዱ የኛ ድምፅ፣ በሌላው የደዋዩ። ልጄ አራት ዓመቷ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቁልፉን ተጭኜ «በይ ተናገሪ» አልኳት። «አባዬ የለም፣ ሥራ ሄዷል። እማዬም የለችም። እኔ ግን አለሁ» አለች። ሚስቴ ከኋላ ሳቀች፤ ሳቋም አብሮ ተቀረፀ። ቤት ሰው የለም ብሎ ማሽን ላይ መናገር ሌባ መጥራት ነው፣ አውቃለሁ። እኛ ግን ወደድነው፣ ተውነው።

እናቴ በዚያን ጊዜ ቴሌ ድረስ ሄዳ፣ ተሰልፋ ነበር የምትደውለው። ማሽኑ ሲያነሳ ታዲያ አትናደድም። «እኔ ግን አለሁ ትላለች እቺ!» ብላ መጀመሪያ ለልጅቷ ትመልስላታለች፤ ከዚያ ነው ለኔ የምትናገረው። ኋላ ኋላ ባላነሳ የምትመርጥ ሁሉ ይመስለኝ ጀመር።

ልጄ ሰባት ሲሞላት ሥራ እየቀየርኩ ነበር። ፈረንጅ ይደውላል። በኔ እንግሊዝኛ አፈርኩ፣ በሕፃን አማርኛም አፈርኩ። ልጅቷን ጠርቼ እንግሊዝኛውን እንደ ትምህርት ቤቷ ጥርት አድርጋ እንድትለው አደረግኩ። የቀረፅኩት በዚያው ካሴት ላይ ነው፣ በቀድሞው ላይ። ባዶ ካሴት መግዛት ከምሳ ዋጋ አይበልጥም ነበር።

እናቴ ደወለች፤ ሰማች፤ ዘጋች። በሳምንቱ ሳገኛት «ማናት ቤትህ ያለችው ፈረንጅ?» አለችኝ። «ልጄ ሌላ አግብቷል» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አዋይታለች። «የልጅ ልጅሽ ናት» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ድምፁስ የሷ መስሎኝ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ሲያነሳት መናገር ተወች። ካሴቱ ላይ የማገኘው የቴሌውን ጫጫታና የስልኩን ቀጭታ ብቻ ነበር። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ከአያቷ ጋር የቀራት «ደህና ነኝ» እና «እሺ» ነበር። ስልኩን ለኔ ለማቀበል ትጣደፍ ነበር።

እናንተም ይሄንኑ እየሠራችሁ ነው! ቤት ውስጥ ልጁን በሰባራ እንግሊዝኛ እያናገራችሁ፣ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ለሁለት ሰዓት ፊደል እንዲቆጥር ትልኩታላችሁ። ሀ ሁ ሲል ውሎ የተመለሰውን ልጅ በር ላይ በምንድነው የምትቀበሉት? «ዲድ ዩ ኢት?» ብላችሁ። ለእግር ኳሱና ለፒያኖው አገር አቋርጣችሁ ትነዳላችሁ፤ አያቱ ደውለው አምስት ደቂቃ እንዲያወራ ግን «ይደክመዋል» ትላላችሁ። «ሲያድግ ይማረዋል» አትበሉኝ፤ እኔም ብያለሁ። አንድ ቃል ሲሳሳትም ዘመድ ሰብስባችሁ አትሳቁበት። ልጅ አንዴ ከተሳቀበት አፉን ይዘጋል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ቁልፉን ተጫኑ። ልጁ ይናገር፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። «ጤና ይስጥልኝ። አሁን ስልኩን ማንሳት አልቻልንም። ስምዎንና ቁጥርዎን ይንገሩን፣ እንደውላለን።» በቃ። ሙሉ ስም አያስፈልግም። ለቀጣሪ የሰጣችሁት ሞባይል ላይ እንግሊዝኛው ይቅደም፣ በዚህ አልጣላችሁም። የቀድሞውን ድምፅ ግን ሳታስቀሩ በላዩ ላይ አትቅረፁ። ማሽኑ አንዱን ብቻ የሚይዝ ከሆነ ሞባይላችሁን አጠገቡ አድርጋችሁ ቅዱት።

ልጄ አሁን የራሷ ቤት አላት። አምና ማንንም ሳትጠይቅ ቮይስሜይሏ ላይ አማርኛ ጨመረችበት። «ሰላም፣ አሁን የለሁም፣ መልእክት ተዉ» ይላል። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ገልብጣው ነው፤ ለኛ ጆሮ «ኧረ ተዉ እንጂ» የምትል ነው የሚመስለው። እናቴ ለዚህ አልደረሰችም። እህቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል መጀመሪያ ስቃ ስቃ ነው የምትናገረው። ሚስቴ «ንገራት፣ ታስተካክለው» ትለኛለች። አልነግራትም።