የቮልስ የፊት መስታወት

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራችው ቮልሴ የፊት መስታወቷ ተሰንጥቋል። 1303 የተባለው የቮልስ ዓይነት የ1973 ሞዴል መስታወት በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ይገጥምላታል?

መልስ፦ አይገጥምም። የ1303 መስታወት በእጅጉ የጎበጠ ሲሆን፣ የእርስዎ መኪና የሚያስፈልጋት በ1965 ሞዴል የተጀመረውና በመጠኑ ብቻ የጎበጠው ነው። ሶማሌ ተራ ሲፈልጉ፣ በመሃሉ የላስቲክ ንጣፍ ስላለው ሲሰበር የማይበተነውን ይምረጡ። ብዙ ሰው ግን የሚሰስተው በመስታወቱ ሳይሆን መስታወቱን ዙሪያውን ከብረቱ ጋር በሚያያይዘው ጎማ ነው፤ የደረቀ አሮጌ ጎማ ውኃ እያስገባ የመስኮቱን ብረት ስለሚያዝግ አዲስ ይግዙ።

ሲገጠም፣ ጎማው መጀመሪያ ለመስታወቱ ከለበሰ በኋላ፣ ብረቱ በሚገባበት ቦይ ዙሪያውን ሲባጎ ተደርጎ በሳሙና ውኃ ይርሳል፤ ከዚያም አንድ ሰው ከውጭ በመዳፉ ሲጫን ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ሲስብ፣ የጎማው ከንፈር ብረቱን እየተሻገረ ይቀመጣል። በቡጢ እየመታ የሚያስገባ ገጣሚ ካጋጠመዎት ሥራውን ያስቁሙት።