ከወለሉ በፊት ጣሪያውን ይመልከቱ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው በኮሎራዶ ግዛት በኦሮራ ከተማ ነው። ባለፈው የጥቅምት ወር፣ ርዝመቱ 24 ጫማ የሆነ ያገለገለ ተጎታች ቤት ከአንድ ግለሰብ ገዝቼ፣ የበረዶውን ወራት ያለ ማሞቂያ ከቤታችን ጎን ቆሞ ከረመ። ምንጣፉ ያረጀና የሚሸት በመሆኑ፣ ልጆቼን ይዤ ወደ ተራራው ከመውጣቴ በፊት ወለሉን ልቀይረው አስቤአለሁ። የቤት ወለል በመሥራት የሚተዳደር ወዳጄ እርስ በርሱ የሚቆላለፈውን ባለ 5 ሚሊ ሜትር የቪኒል ጣውላ እንድገዛ መክሮኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ ሴራሚክ ትመርጣለች። በበሩ አካባቢና ከኋላው መስኮት ሥር ስረግጠው ወለሉ ረገብ ይላል፤ ወዳጄ ግን አዲሱ ንጣፍ ጠንካራ ስለሆነ ይሸፍነዋል ብሎኛል። የትኛውን ልምረጥ? ሥራውንስ ራሴ ልሠራው እችላለሁ? ባለቤቴም ውስጡ ቡና ማፍላት ይቻል እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላኛለች።

መልስ፦ የጥያቄዎን ቅደም ተከተል ገልብጬ ከረገበው ወለል እጀምራለሁ። ወዳጅዎ ስለ ቤት ወለል የሚያውቁትን አልጠራጠርም፤ «ይሸፍነዋል» ያሉትን ግን አልቀበለውም። ሲረገጥ የሚረግብ የተጎታች ቤት ወለል አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ የበሰበሰ ነው፤ በላዩ ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ ሲዘረጋበት ደግሞ እርጥበቱ መውጫ ስለሚያጣ መበስበሱ ይፋጠናል። ሽታውም የምንጣፉ ብቻ ላይሆን ይችላል።

በአሜሪካ የሚሸጡ ተጎታች ቤቶች አብዛኞቹ የሚሠሩት በኢንዲያና ግዛት፣ በኤልክሃርትና በአካባቢዋ ሲሆን፣ የወለላቸው አሠራር በጥቅሉ ከሁለት ዓይነት አይወጣም። በመጀመሪያው ዓይነት በብረቱ ሻንሲ ላይ አግዳሚ እንጨቶች ተደርድረው፣ በላያቸው 16 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ኦኤስቢ (ከእንጨት ፍቅፋቂ በኮላ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ወይም ፕላይውድ፣ ማለትም በአገር ቤት ኮምፔርሳቶ የምንለው ሰሌዳ፣ ይመታል። ሁለተኛው ዓይነት እንደ ሳንድዊች ያለ ነው፤ ፎሙ በሁለት ስስ ፕላይውዶች መካከል በኮላ ተጣብቆ ይቀመጣል። ክብደቱ ቀላል በመሆኑ አምራቾች ይወዱታል፤ ነገር ግን ውኃ አንድ ጊዜ ከገባበት ላይኛው ሰሌዳ ከፎሙ ይላቀቅና ወለሉ ከእግር ሥር መረገብ ይጀምራል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የማሞቂያውን የወለል ክዳን አንሥተው የቀዳዳውን ጠርዝ ቢመለከቱ፣ ንብርብሩ በግልጽ ይታያል።

ውኃው ከየት ገባ? በበሩ አካባቢና በኋላው መስኮት ሥር መሆኑን ስላነሡ፣ ከቧንቧ ይልቅ ከላይ የሚወርድ ውኃን እጠረጥራለሁ። የጣሪያው ጎማ ራሱ ሳይቀደድ፣ በአየር ማስወጫዎቹና በጠርዞቹ ዙሪያ የተደረገው ማሸጊያ በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ኦሮራም አዲስ አበባን ባታክልም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ፀሐይዋ ርኅራኄ የላትም። ከጣሪያው ቀጥሎ የመስኮቱን የላይኛውን ማዕዘን፣ የበሩን ክፈፍና በማዕዘኖቹ ላይ ያሉትን ትናንሽ መብራቶች ይመርምሩ። ሁለት ሰው ካላችሁ አንዱ ውጭ ሆኖ ጎማ ቱቦ ይያዝ፣ ሌላው ውስጥ ሆኖ በባትሪ ይመልከት። ውኃውን ከታች ጀምሮ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ከላይ ከተጀመረ ወራጁ ውኃ ሁሉንም ቦታ ስለሚያረጥብ የገባበትን ቀዳዳ መለየት አይቻልም። ቀዳዳው ተገኝቶ ከታሸገ በኋላ ሰሌዳው እስኪደርቅ ድረስ፣ ሳምንታት ቢፈጅም፣ ይታገሡ። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝተው ደረቅ እንደሆነ በሚያውቁት ቦታና በተጠረጠረው ቦታ ቢለኩበት ልዩነቱን ያዩታል።

የበሰበሰውን ክፍል መጠን ለማወቅ ካቻቢቴ ይበቃል። ጫፉ ያለ ትግል ከገባ ሰሌዳው ሞቷል፤ ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ድረስ ወደ ዳር እየሄዱ ይውጉ። ከዚያ የመጋዙን ጥልቀት ከሰሌዳው ውፍረት እንዳያልፍ አስተካክለው ይቁረጡ፤ ከወለሉ ሥር የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የውኃና የጋዝ ቧንቧ፣ አንዳንዴም ታንከሩ ራሱ ተጠግቶ ይገኛልና። የተጎታቹን ባትሪና ከውጭ የሚገባለትን ኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ የጋዙን ሲሊንደር ዘግቶ መጀመር ግዴታ ነው። የአዲሱ ፕላይውድ ጠርዝ በባዶ አየር ላይ እንዳይንጠለጠል ከሥሩ ደጋፊ እንጨት ይግባለት፤ በኮላም በብሎንም ይታሰር። በሳንድዊቹ ዓይነት ላይ ፎሙ ደረቅና ጤነኛ ከሆነ ላይኛውን ስስ ሰሌዳ ብቻ ቆርጦ መተካትና ኮላው እስኪይዝ ከባድ ነገር ጭኖ ማሳደር ይቻላል። መበስበሱ ከግድግዳው ሥር ከገባ ግን ሥራው የእርስዎ አይደለም። ግድግዳው የቆመው በወለሉ ጠርዝ ላይ በመሆኑ፣ ባለሙያ አይቶ የጥገናው ዋጋ ተጎታቹ ከሚያወጣው ጋር የሚመጣጠን መሆን አለመሆኑን ቢነግርዎት ይሻላል።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። ሴራሚክን ባለቤትዎ ለሳሎን ያቆዩት፤ በመንገድ ላይ ሲናወጥ በሚውል ወለል ላይ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል፣ ክብደቱም ከሁሉ የከፋ ነው። ላሚኔትም የታመቀ የእንጨት ብናኝ ስለሆነ ውኃ ሲነካው ያብጣል። ክርክሩ ያለው ወዳጅዎ በመከሩት ጣውላ ላይ ነው፤ እርሱ በቤት ውስጥ ጥሩ ዕቃ መሆኑን እኔም እመሰክራለሁ። ኤስፒሲ የሚባለው ይህ ጣውላ መሐሉ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ፕላስቲክ ሲሆን፣ ባለ 5 ሚሊ ሜትሩ በካሬ ጫማ ወደ 2 ፓውንድ ይመዝናል። በእርስዎ ተጎታች ውስጥ የሚነጠፈው ስፋት 100 ካሬ ጫማ ያህል ነው ብንል፣ ሲጓዙ 200 ፓውንድ ይዘው ይጓዛሉ ማለት ነው። ይህም 24 ጋሎን ውኃ ያህል ነው። በበሩ አጠገብ የተለጠፈው ምልክት ተጎታቹ ሊሸከም የሚችለውን የጭነት ልክ ይነግርዎታል፤ ምግብ፣ ውኃ፣ ልብስና የልጆቹ ብስክሌት ሁሉ ከዚያው ላይ የሚቀነሱ ናቸው። የጭነት መኪና የሚያሽከረክር ዘመድ ካለዎት ደግሞ የመንገድ ዳር ሚዛን የት እንዳለ ያሳይዎታል።

ከክብደቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ብርዱ ነው። የሚቆላለፈው ጣውላ ከሥሩ ሳይጣበቅ የሚዘረጋ በመሆኑ፣ ሲሞቅ የሚሰፋበትና ሲቀዘቅዝ የሚኮማተርበት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት በየዳሩ ይፈልጋል። በተዘጋ ተጎታች ውስጥ በአንድ ዓመት የሚፈራረቀው ሙቀት በጥርና በሐምሌ መካከል በቤት ውስጥ ከማይታሰብ ልዩነት ይደርሳል፤ ብዙዎቹ አምራቾችም ዋስትናቸውን የሚሰጡት ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱ ለሚጠበቅ ክፍል ነው። ይህን ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከካርቶኑ ውስጥ ከሚገኘው መመሪያ ያንብቡ። በዚያ ላይ ካቢኔትና አልጋ በጣውላው ላይ በብሎን ከታሰረ መንቀሳቀሻ ያጣና መቆላለፊያው ይሰበራል፤ ብርድ ላይ ቪኒል እንደ ብስኩት መሆኑን የበረዶ ወቅት የአትክልት ቱቦ የነካ ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ እኔ የምመርጥልዎት ጥቅል ቪኒል ነው፤ ከጀርባው የፋይበርግላስ ሽፋን ያለውና ሲጠቀለል የማይሰበረው ዓይነት። ዓይን የሚማርክ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ጥቅሉ በ12 ጫማ ስፋት ስለሚገኝና የተጎታችዎ ስፋት ወደ 8 ጫማ ስለሆነ፣ ወለሉ ያለ አንድ መጋጠሚያ በአንድ ወጥ ቁራጭ ይሸፈናል፤ ልጆች የደፉት ውኃም የሚገባበት ስንጥቅ አያገኝም። ክብደቱ ከጣውላው ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው። የፋብሪካው ሰዎች ራሳቸው ሲሠሩት ይህንኑ ዘርግተው ካቢኔቱን በላዩ የሚተክሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ዕቃ ሲገዙ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ በ2005 ከመታ በኋላ መንግሥት ለተፈናቀሉት ባደላቸው ተጎታች ቤቶች አየር ውስጥ ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጎጂ ጋዝ በብዛት መገኘቱን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2008 አስታውቆ ነበር፤ ጋዙ የሚወጣው ከተጣበቁ የእንጨት ሰሌዳዎች ኮላ ነው። በ2010 ሕግ ወጥቶለት ዛሬ ለካቢኔትና ለቤት ዕቃ የሚውሉ ፕላይውድና መሰል ሰሌዳዎች ቲኤስሲኤ ታይትል 6 (የአሜሪካ የመርዛማ ኬሚካሎች ቁጥጥር ሕግ ክፍል) የሚል ጽሑፍ ይዘው ይሸጣሉ፤ ለወለል የሚሆኑት የግንባታ ፕላይውድና ኦኤስቢ ግን ከዚህ ሕግ ነፃ ናቸው። ተጎታች ጠባብና ዝግ ስለሆነ ሕጉ ከሚመለከታቸው ሰሌዳዎች ይህ ጽሑፍ የሌለበትን አያስገቡ።

ሥራውን ራስዎ መሥራት ይችላሉ፤ ትዕግሥት የሚፈትነው ምንጣፉን ማንሣቱ ነው። ፋብሪካው በመቶዎች የሚቆጠር የሽቦ ስቴፕል ስለሚመታበት ጉልበት መከላከያ ለብሰው በፒንሳ አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ አንድ የቀረ ስቴፕል ከቪኒሉ ሥር ጉብ ብሎ ይታያልና፣ ቆይቶም ይበሳዋል። የሰሌዳዎቹን መጋጠሚያ በስቱኮ ሞልተው በአሸዋ ወረቀት ያለስልሱ። ቪኒሉን ከመቁረጥዎ በፊት ከ18 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ሙቀት ውስጥ ተዘርግቶ ለ48 ሰዓት ይቆይ። ወለሉን በወፍራም ወረቀት ለክተው ቅርጹን ወደ ቪኒሉ ያስተላልፉ፤ በቀጥታ በውስጡ ለመቁረጥ የሚሞክር ሰው ሁለተኛ ጥቅል ሲገዛ አይቻለሁ፣ አንዴም ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ኮላው ቪኒሉ ወደፊት ሊነሣ የሚችልበት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ግማሹን አጥፈው፣ ኮላ ቀብተው፣ ከመሐል ወደ ዳር በሩሎ እየተጫኑ አየሩን ያስወጡ፤ ከዚያም ሌላውን ግማሽ። ሲቀቡ መስኮትና በር ይከፈት፣ ጋዙም እንደተዘጋ ይቆይ። በዳሩ ዞኮሎ ይመታል፤ ብሎኑ ግድግዳውን እንጂ ቪኒሉን አይያዝ። በበሩ መግቢያና በመጸዳጃው ዙሪያ ሲሊኮን ያድርጉ። መጸዳጃውን ሲመልሱ የሥሩን ማሸጊያ በአዲስ ይተኩ፤ የቀድሞው ተመልሶ ውኃ አይዝም።

ቡናውን በተመለከተ መልሴ አጭርና ጥብቅ ነው። ከሰል፣ ለዕጣን የምትሆን ቁራጭ እንኳ፣ በተጎታች ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይነድም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጠባቡን ክፍል በጥቂት ጊዜ ይሞላዋልና። ፍም የወደቀበት ቪኒልም ይቀልጣል። ረከቦቱ ውስጥ ቢዘረጋ ችግር የለውም፤ ጀበናው ግን በጋዝ ምድጃው ላይ፣ መስኮቱ ተከፍቶና አየር ማስወጫው እየሠራ ይጣድ። የከሰሉ ወግ አይቅርብን ካላችሁ ቦታው ውጭ ነው፣ ለዚያውም ከበሩና ከመስኮቱ ራቅ ብሎ፣ የካምፑ ስፍራ እሳት የሚፈቅድ ከሆነ።

ጥያቄ፦ በሲያትል የምኖር ሴት ነኝ። በ1972 የተሠራ አሮጌ ተጎታች ገዝቼ ለማደስ ጀምሬአለሁ። ከምንጣፉ ሥር ትናንሽ ካሬ የፕላስቲክ ንጣፎች አገኘሁ፤ ኮላቸው ጥቁር ነው። ፍቄ ላንሣቸው?

መልስ፦ አይፋቁ። በዚያ ዘመን የተሠሩ የወለል ንጣፎችና ጥቁር ኮላዎች አስቤስቶስ የተባለውን ለጤና ጎጂ የሆነ የማዕድን ክር የያዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሳይነኩ በተቀመጡበት ብዙ አይጎዱም፣ ሲፋቁ ወይም በአሸዋ ወረቀት ሲታሹ ግን የሚበነው ክር ሳንባ ውስጥ ይገባል። ፈቃድ ያለው ላቦራቶሪ ናሙና እንዲመረምርልዎት ያድርጉ፤ ናሙናው ሲወሰድ በውኃ ይረጠብ፣ የወደቀውም በደረቁ አይጠረግ። አስቤስቶስ ከተገኘበትና ወለሉ ጠንካራ ከሆነ፣ ሳያነሡት በላዩ ጥቅል ቪኒል መዘርጋት አንዱ መንገድ ነው። ከሥሩ የበሰበሰ ከሆነ ግን ለዚሁ ሥራ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይተዉት።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከዳላስ ነው። ተጎታቻችን ወደ ጎን የሚከፈት ክፍል አለው። ንጣፉን በእርሱ ሥር ላሳልፈው ወይስ ከፊቱ ላቁመው?

መልስ፦ የሚከፈተው ክፍል ሲገባ በዋናው ወለል ላይ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ከሥሩ ያሉት ጎማዎች ወይም ሩሎዎች ክብደቱን ሁሉ በጠባብ መስመር ላይ ይጥሉታል። የሚቆላለፍ ጣውላ በዚያ መስመር ላይ እየተላቀቀ ይሄዳል፤ በደንብ የተጣበቀ ስስ ቪኒል ግን ይችለዋል። ሲከፈት ከዋናው ወለል ጋር እኩል ዝቅ የሚለው ዓይነት ከሆነ፣ ሁለቱን ለየብቻ ንጠፉና ጠርዙን አስተካክላችሁ ጨርሱት።

ከሁሉ በፊት ከፍታውን ለኩ። ክፍሉ ተከፍቶም፣ መሐል ላይ ቆሞም፣ ተዘግቶም በሥሩ ያለው ክፍተት ስለሚለያይ፣ በሦስቱም ቦታ የሚገኘውን ጠባቡን ቁጥር ያዙ። ከዚያም ልትገዙት ካሰባችሁት ንጣፍ አንድ ቁራጭ ናሙና በሩሎው መንገድ ላይ በፕላስተር አጣብቁ። አንዱ ማብሪያው ላይ እጁን አድርጎ፣ ሌላው ተንበርክኮ እያየ ክፍሉን ቀስ ብላችሁ አስገቡ። ናሙናው ከተጠቀለለ፣ ከተቦጨቀ ወይም ሞተሩ ማቃሰት ከጀመረ ወዲያው አቁሙና ያነሰ ውፍረት ያለው ፈልጉ።