ከጥለቱ ጀምሪ

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! «ጥር መጨረሻ ነው የምንጋባው፤ ቀለም ላስቀድም ወይስ አበባ?» ላልሽው፣ ከሐበሻ ቀሚስሽ ጥለት ጀምሪ እላለሁ። ከጥለቱ ክር ጥቂት ይዘሽ አበባ አስዋቢው ዘንድ በአካል ሂጂ፤ የስልክ ፎቶ ቀለም ያሳስታል። በእኔ ሠርግ «ነጭ ጽጌረዳ» ብቻ ብለን አዘዝን፤ የመጣው ክሬም ነበር። ከነጩ ቀሚሴ አጠገብ የደበዘዘ መስሎ ታየ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሆለታ ጽጌረዳ ደጋ ስለሚበቅል የአበባው ራስ ትልቅ ነው፤ ለሙሽሮች ጠረጴዛ እሱን ምረጪ። ለእንግዶቹ አነስ ያለው የዝዋይ አበባ ይበቃል። ግን ቶሎ ተዋዋዪ፤ ለፍቅረኞች ቀን እርሻዎቹ ምርታቸውን ወደ አውሮፓ የሚልኩት በዚያው ሰሞን ስለሆነ የቀይ ጽጌረዳ ዋጋ ይወደዳል። የዘንጉ ብዛት፣ የታዘዘው ቢጠፋ የሚተካው፣ አዳራሽ የሚደርስበት ሰዓት በውሉ ይጻፍ። ቀብዱን ከዚያ በኋላ ክፈዪ።