ጨርቁን ገልብጣችሁ እዩ

ልጆቼ፣ የጃፓን ሽመና መሰብሰብ የጀመራችሁ ወጣቶች «ምን ልግዛ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ዕድሜዬ ያለቀው አሮጌ ጨርቅ በመጠገን ነውና ምክሬም ከዚያው የወጣ ነው፤ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጨርቁን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ።

ካሱሪ የሚባለውን ባለ ንድፍ ጨርቅ እንይ። ክሩ ገና ሳይሸመን፣ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የተፈለገው ቦታ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰርና ኢንዲጎ በሚባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ ውስጥ ይነከራል። ሸማኔዋ የድሩን ነጭ ከማጉ ነጭ ጋር ለማገጣጠም ብትጠነቀቅም ጥቂት መዛነፉ ስለማይቀር የንድፉ ጠርዝ ብዥ ይላል። ቀለሙ ያለው ክሩ ውስጥ ስለሆነ ንድፉ ከፊትም ከኋላም እኩል ይታያል። አንዲት ክር በአጉሊ መነጽር ተከተሉ፤ ራሷ ክሯ ከሰማያዊ ወደ ነጭ ስትሻገር ታያላችሁ። ንድፉ የታተመበት ጨርቅ ግን ቀለሙ ላይ ላዩን ነው፤ ጀርባው አብዛኛውን ጊዜ የገረጣ ነው።

የጃፓኗን የኩሩሜ ከተማ ካሱሪ የጀመረችው ኢኖዌ ዴን (1788–1869) ናት ይባላል። የ12 ዓመት ገደማ ልጅ ሳለች አሮጌ ልብስ ላይ ነጣ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች አይታ ጨርቁን ክር በክር ፈታችው አሉ። ሰብሳቢ እንዲህ ያለ ዓይን ቢኖረው እንዴት ደስ ይላል! በ1957 እ.ኤ.አ. የጃፓን መንግሥት ይህን ሙያ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው በሞተር የተሸመነ ነው። እሱም ካሱሪ ነው፤ በእጅ ሥራ ዋጋ ግን አትግዙት።

የተጣፈውን አትናቁ። የኪሞኖ፣ የጃፓኖች ባህላዊ ልብስ፣ ጨርቅ ስፋቱ 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚቆረጠው ቀጥ ቀጥ ተደርጎ ስለሆነ ተፈትቶ፣ ታጥቦ መልሶ ይሰፋል። ጥጥ በማይበቅልበት ቀዝቃዛው የሰሜን ጃፓን ክልል፣ ቶሆኩ፣ ደግሞ ገበሬዎች ያለቀ ጨርቅ ቀድደው እንደ ማግ ይሸምኑት ነበር፤ ሳኪኦሪ ይሉታል። እኔ ብጠየቅ፣ ከኪዮቶው የኒሺጂን ሸማኔ ሰፈር ወርቃማ ኦቢ (የኪሞኖ መቀነት) ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ጣፉን አትፍቱ፤ ማን እንደለበሰው፣ የቱ ቦታ ቶሎ እንደሚያልቅ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ግድግዳ ላይ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ አትስቀሉ፤ ፌስታል ውስጥም አታፍኑት። የገዛችሁበትን ቦታና ሻጩ የነገራችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ወደ ጨርቁ ያልፋል።