መጀመሪያ ጥያቄያችሁን ፈልጉ

በየሳምንቱ የሚደርሰኝ መልእክት አንድ ዓይነት ነው። «ሰላም ዶክተር፣ በባዮሎጂ ተመርቄያለሁ፣ ስኮላርሺፕ ካለ ይጠቁሙኝ።» ልጆች፣ እንዲህ ስትጽፉልኝ ሆዴ ይባባል። ግን ምን ልመልስ? ምን ማወቅ እንደምትፈልጉ አልነገራችሁኝማ። ውጭ ያለው ፕሮፌሰርም እንዲህ ያለ ኢሜይል ሲደርሰው ሁለት መስመር አንብቦ ያልፈዋል።

ጥያቄው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከድሬ ተነስታችሁ ደንገጎን ወጥታችሁ ወደ ሐረር ስትሄዱ ማሽላ ታያላችሁ። ማሽላ ማሳ መሃል ሐምራዊ አበባ ካያችሁ አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም ሊሆን ይችላል። ገበሬው አበባውን ሲያይ ዘግይቷል፤ አቀንጭራ ብቅ ከማለቱ በፊት አፈር ውስጥ ሆኖ የማሽላውን ሥር ሲመጥ ከርሟል። ዘሩ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፣ የሚነቃው ደግሞ የማሽላው ሥር የሚያወጣውን ኬሚካል ሲያገኝ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታ የተማሩት እዚሁ ዓለማያ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አዳቅለው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። አንድ ቀን ባቄላ ከነሥሩ ይዛ መጣች። ስባ አልነቀለችውም፣ ዙሪያውን በአካፋ ቆፍራ ነው ያወጣችው፤ በእጅ ከሳባችሁት ኖዱል የምንላቸው ትናንሽ እባጮች እዚያው አፈር ውስጥ ይቀራሉ። ሥሩን አጥበን አንዱን እባጭ በምላጭ ሰነጠቅነው። ውስጡ ሥጋ ይመስል ቀላ ያለ ነበር። እባጩ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ናይትሮጅን ከአየር እየያዘ ለባቄላው እየሰጠ ነው ማለት ነው። ከሌላ ማሳ ያመጣችው ግን ውስጡ ነጭ ሆነ። «ለምን?» አለች። በቃ! ለማስተርስ ስታመለክት የጻፈችው ያችኑ «ለምን» ነው፤ ሁለቱን ማሳዎች፣ ያየችውን፣ ቀጥሎ ምን መሞከር እንደምትፈልግ። መልስ መጣላት።

ዲግሪ ይዞ ፒፔት፣ ያቺን ፈሳሽ መለኪያ ቱቦ፣ ጨብጦ የማያውቅ ብዙ ልጅ አለ። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ ላቦራቶሪ ውስጥ አላስገቧችሁም። ስለዚህ ክረምቱን አንድ ላቦራቶሪ በር ላይ ቁሙ። ባክቴሪያ የሚያድግበትን ሳህን፣ ፔትሪ ዲሹን፣ እጠቡ፣ ሳህኑ ላይ የሚፈሰውን አጋር አፍሉ፣ የሠራችሁትን ሁሉ ደብተር ላይ አስፍሩ። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሞቆ ናሙናው ቢበላሽም ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉት። አድቫይዘራችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፍላችሁ የሚያስታውሰው ያንን ደብተር ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ጀርመን፣ ኔዘርላንድ ወይም ስዊድን ፒኤችዲ ብዙ ጊዜ ደመወዝ ያለው ሥራ ነው፤ ማስታወቂያውም እንደ ማንኛውም ክፍት የሥራ ቦታ ይወጣል። አሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ በምርምር ወይም በማስተማር ረዳትነት ነው የሚከፈላችሁ። ለማስተርስ የአውሮፓ ኅብረትን ስኮላርሺፕ ኢራስመስ ሙንዱስንና የጀርመኑን የስኮላርሺፕ ድርጅት ዳድን (DAAD) እዩ። ሴቶች ልጆቼ፣ የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት የሆነው ኦደብልዩኤስዲ (OWSD) በሌላ ታዳጊ አገር ፒኤችዲ ለሚማሩ ሴቶች የሚሰጠውን ድጋፍ አትለፉት። አዲስ አበባ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የኢልሪ (ILRI) ግቢም ተመራቂ ተማሪዎችን ይቀበላል። «ቦታ አስገኝልሃለሁ፣ ብር ክፈል» የሚል ደላላ ከመጣ ግን ስልኩን ዝጉበት። የእናታችሁን ወርቅ ለእሱ አትሽጡ።

ኖዱል በደንብ የሚታየው ባቄላው ማበብ ሲጀምር ነው። ወደ ማሳው ስትወጡ አካፋና ምላጭ ያዙ፣ ገበሬውንም አስፈቅዱ። የሰነጠቃችሁትን ፎቶ ላኩልኝ፣ ቀለሙን አብረን እናየዋለን።